ስለ ክረምት ዝናብ ትንበያና ስለ ውቅያኖሶች ሙቀት ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዋና ዳይሬክተር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

የክረምት ትንበያ ይፋ ሲደረግ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በላይ» እና «ከመደበኛ በታች» የሚሉት ቃላት በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ይደርሱናል፤ ትንበያው የተመሠረተበት የውቅያኖሶች ሙቀት ግን በዜናው ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ካገኘ ዕድለኛ ነው። ይህ ክፍል ለሕዝብ በዝርዝር እንዲነገር እጠይቃለሁ።

በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲከሰት፣ ለክረምት ዝናባችን እርጥበት የሚያመጡት ነፋሶች ይዳከማሉ፤ በላያችን ያለው አየርም ሽቅብ ተነሥቶ ደመና ከመሥራት ይልቅ ቁልቁል ይጫናል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነው። ኤልኒኖ ተከሰተ ለማለት የግማሽ ዲግሪ ጭማሪ የሚበቃ ሲሆን የዚያኛው ሙቀት በኋላ ከ2 ዲግሪ አለፈ፤ በሰሜን ምሥራቅና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ሰብል ጠፋ፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

ይሁን እንጂ «ኤልኒኖ ማለት ድርቅ ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ለቦረናና ለሶማሌ አርብቶ አደር አይሠራም። ከክረምት በኋላ የሚዘንበው የቦረና ሀገያና የሶማሌ ደይር ዝናብ በኤልኒኖ ዘመን፣ በተለይም የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል አብሮ ሲሞቅ፣ ይበረታል፤ እነሱን የሚጎዳቸው ላኒና፣ ማለትም የዚያው የፓስፊክ ክፍል ከወትሮው መቀዝቀዝ፣ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከድተዋቸው ከብቶቻቸው ያለቁት ላኒና ሳይለቅ በቆየባቸው ዓመታት ነበር። ስለዚህ ለመላው አገር የተጻፈ አንድ ማጠቃለያ አንዱን ወገን ማሳሳቱ አይቀርም።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። በራያ ቆላ ያለ ገበሬ ረዥም ጊዜ የሚፈጀውን ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል፤ ካልያዘለት በሐምሌ ማሳውን ገልብጦ ጤፍ ይዘራበታል። የፓስፊክን ቀጣይ ሁኔታ መተንበይ እጅግ የሚያስቸግረው ደግሞ ልክ በመጋቢትና በግንቦት መካከል ነው፤ በሰኔ መጨረሻ ነገሩ ይጠራል። እንግዲህ የግንቦቱ ትንበያ ምን ያህል እንደሚያስተማምን በመቶኛ ተገልጾ ቢወጣ፣ በሰኔ መጨረሻም ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ በየዞኑ ተለይቶ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ ቢነገር፣ ገበሬው የጤፉን ውሳኔ በጊዜው ይወስናል። ያለፉት ዓመታት ትንበያዎችም በጣቢያ ከተለካው ዝናብ ጋር ጎን ለጎን ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የግብርና ባለሙያ