ስለ ጋሼ፣ ለሐዋሳ አባሎቻችን በሙሉ

ጤና ይስጥልን ውድ አባላት፣

አዲስ የገባችሁ ልጆች «ጋሼ የምትሏቸው ሰው ማን ናቸው?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁ ትንሽ ልበል።

ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ሐዋሳ ሒሳብ አስተምረዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቅርጫት ኳስ ይዳኛሉ። የጠመኔው ብናኝ ከእጃቸው ሳይራገፍ ሜዳ የገቡበት ቀን ብዙ ነው።

ሜዳውንም ክፍል ድረስ ይዘውት ይመጡ ነበር። ስለ ክብ ሲያስተምሩ ምሳሌያቸው የሦስት ነጥብ መስመር ነው፤ ከውጪው ተወርውሮ የገባ ኳስ ሦስት ነጥብ የሚያስቆጥርበት ቅስት ማለት ነው። «ሬዲየሱ 6.25 ሜትር ከሆነ የቅስቱ ርዝመት ስንት ነው?» እ.ኤ.አ. በ2010 መስመሩ ወደ 6.75 ሲገፋ ጥያቄውንም ቀየሩት። የታላቅ ወንድሙን ደብተር ተማምኖ የመጣ ሁሉ ጉድ ፈላበት! ቅርጫቱ ደግሞ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ስለሚል ትሪጎኖሜትሪም አልቀረልንም።

ዳኝነታቸው ላይ ዝምድና የለም። ኳሷ በ8 ሰከንድ ውስጥ ከራስ ሜዳ ካልወጣች፣ ክንዳቸውን እያወዛወዙ ይቆጥሩና ጲጵ! የሚወዱትን ተማሪ በአምስተኛ ፋውል ከሜዳ አስወጥተው፣ ሰኞ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስወጥተውታል። ልጁ ዛሬ ራሱ ዳኛ ነው፣ እሱም አይምርም።

አሁን ጉልበታቸው ትንሽ ስላስቸገራቸው ሐይቁ ዳር የሚያደርጉትን የጠዋት እርምጃ ቀንሰዋል። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄደን እንጠይቃቸዋለን። ኬክ አይወዱም፤ ቡና ይዛችሁ ኑ። የምትመጡ ለጸሐፊያችን አሳውቁ። የሚያረፍድ ካለ ከጋሼ ጋር ይነጋገር፣ እኔ የለሁበትም።