ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ማን ይደውልለታል?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ራስን ማጥፋት የሚወራው ሁሌ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እኔ ግን ሞክረው ስለተረፉት ልጽፍ ነው። ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን።

የእህቴ ልጅ አምና ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ። የወሰድንበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ሐኪሞቹ ነፍሱን አትርፈዋል፣ እድሜ ይስጣቸው። ግን በሦስተኛው ቀን ሲወጣ የሰጡት አንዲት የመድኃኒት ማዘዣና «ሁለተኛ እንዳይለምድህ!» የሚል ቁጣ ነበር። በቃ። ቀጠሮ የለ፣ ስልክ የለ።

ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉድ። የኛ ጎረቤቶች ሰው ታመመ ሲባል ብርቱካን ይዘው የሚመጡ፣ ሞተ ሲባልማ ድንኳኑ ሳይተከል የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። ለሱ ግን «እግዜር ይማርህ» ያለው አንድም ሰው የለም። እህቴም «ወባ ነው» ብላ አስወራች። ድሬ ላይ ወባ ማንንም አያጠራጥር።

ያኔ ነው ማንበብ የጀመርኩት። አንዴ የሞከረ ሰው ከሌላው ይልቅ ዳግም የመሞከር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፣ በተለይ ከሆስፒታል በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት። እኛ ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው ዘወር የምንለው።

በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ሞክረው የተረፉ 120 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለግማሾቹ የተለመደው ሕክምናና አንድ ምርመራ፣ ለቀሩት ግን ከተለመደው ሕክምና ሌላ ሦስት ቀጠሮ። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ አይቆጣም፣ አይመክርም፣ ሰውየው እዚያ ድረስ ምን እንዳደረሰው በራሱ አንደበት እንዲተርክ ይጠይቀዋል፣ ይቀርጸዋል። በሁለተኛው ቀን ቪዲዮውን እያቆሙ አብረው ያዩታል፦ የትኛው ቦታ ላይ ነው ነገሩ የከፋው? በሦስተኛው፣ ያ ስሜት ሊመለስ ሲል ምን ምልክት እንደሚያሳይ፣ ምን ማድረግ፣ ለማን መደወል እንዳለበት ጽፈው ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አልፎ አልፎ አጭር ደብዳቤ ይልኩለታል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ በሁለቱ ዓመታት ሦስቱን ቀጠሮ ባላገኙት ዘንድ 41 ሙከራ፣ ባገኙት ዘንድ 5።

(ለኛ ካሜራው ይቅርብን ባይ ነኝ። ቪዲዮው ማታ ቲክቶክ ላይ ያድራል ብሎ የማይፈራ የድሬ ልጅ የለም።)

ተአምር ነው አላልኩም። የፊንላንዷ ሄልሲንኪ ላይ ይህንኑ ከሌላ የቀውስ ጊዜ ምክር ጋር ሲያወዳድሩት ጎላ ያለ ልዩነት አላገኙም። በኔ አረዳድ ግን እዚያ በሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች የሚያናግራቸው ነበራቸው። የእህቴን ልጅ የገጠመው ምርጫ «ይሄኛው ምክር ይሻላል ወይስ ያኛው» አልነበረም፣ ምንም አልነበረም እንጂ።

ደግሞ «ያ የፈረንጅ ሀብት ነው» እንዳትሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በህንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና 1,867 ሰዎችን አሳትፎ የሞከረው ከዚህም የቀለለ ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ የአንድ ሰዓት ያህል ንግግር፣ ከዚያ በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ መደወል ወይም ቤት ድረስ ሄዶ ማየት። ይህን ካገኙት ራሳቸውን ያጠፉት 0.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ካላገኙት 2.2 በመቶ ናቸው። ዘጠኝ ስልክ! እኛ እኮ ለዕቁብ በወር ከዚያ በላይ እንደዋወላለን።

የእንግሊዟ ማንችስተርም አለች። እዚያ ራሳቸውን የጎዱ ሰዎችን ነርስ አራት ጊዜ ቤታቸው ድረስ እየሄደች አነጋገረቻቸው፤ በስድስት ወር ውስጥ እንደገና ራሳቸውን የጎዱት 9 በመቶ ሲሆኑ፣ ነርሷ ካልሄደችላቸው ግን 28 በመቶ ነበሩ። ነርስ ናት እንግዲህ፣ ፕሮፌሰር አይደለችም። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆቻችን ለክትባት በር ያንኳኳሉ፣ ለነፍሰ ጡር ያንኳኳሉ። ሥልጠና ቢያገኙና ደመወዛቸው ቢታሰብ ለዚህስ ለምን አያንኳኩም?

የኔ ጥያቄ ለጤና ቢሮውና ለድሬም ለሐረርም ሆስፒታሎች ነው። በየድንገተኛ ክፍሉ አንድ ነርስ ትመደብ፣ ስልክና የአየር ሰዓት ይሰጣት። የምትናገረው ግን በታማሚው ቋንቋ ይሁን፤ እዚህ አገር ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አልቅሶ በሶማልኛ ይጨርሳል፣ ልቡን በትርጉም አይከፍትም። ከዚያ ይቆጠር። ስንቱ ተመልሶ መጣ፣ ስንቱ ስልኩን አላነሳም፣ ለምን? ካልሠራ አልሠራም ብላችሁ ጻፉልን፣ እሱም ያስተምራል።

እኔ እስከዚያው በየሐሙሱ እደውልለታለሁ። ሥልጠናም የለኝ፣ ምን እንደምል እንኳ ግራ ይገባኛል፣ አንዳንዴ ስለ ሙቀቱ ብቻ አውርተን እንዘጋለን። «አክስቴ፣ ሥራ የለሽም እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። ባለፈው ሐሙስ ሱቅ ዕቃ ሲራገፍ አመሸሁና ረሳሁት። ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ ደወለ።

አንዲት አንባቢ፣ ከድሬዳዋ