ስለ ፎርት ስኔሊንግ ሰዎች፦ ይድረስ ለአባቴ

ውድ አባባ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ያ አየር ማረፊያው አጠገብ ያለው የድንጋይ ግንብ ምንድነው? የወታደሮቹስ ስንቅ ከየት ይመጣ ነበር?» ብለው ጠይቀውኛል። ዕድሜዎን በስንቅና ትጥቅ ክፍል ስለፈጁ ከነቁጥሩ ልጻፍልዎ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

ግንቡ ፎርት ስኔሊንግ የሚባል የጥንት የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነው፤ ሚሲሲፒና ሚኒሶታ ወንዞች በሚገናኙበት ገደል አፋፍ ላይ ይገኛል። የአገሩ ባለቤቶች ዳኮታዎች ቦታውን ብዶቴ ይሉታል፤ ለእነሱ የተቀደሰ መሬት ነው። 5ኛው እግረኛ ሬጅመንት በ1819 መጥቶ የመጀመሪያውን ክረምት በወንዙ ማዶ በግንድ ጎጆ አሳለፈ። የዚያን ክረምት ብዙ ወታደር ያለቀው ስከርቪ በሚባል በሽታ ነው። ሰው ለወራት ጨው የተነከረ ሥጋና ዳቦ ብቻ ሲበላ ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ የዳነ ቁስል እንኳ ተመልሶ ይከፈታል። ስለዚህ ሰፈሩ ቶሎ እርሻ ያዘ፤ ድንችና አትክልት መትከል እንደ ዘብ ጥበቃ የወታደር ግዴታ ሆነ።

ግንቡን ከ1820 ጀምሮ ያሠራው ኮሎኔል ጆሳያ ስኔሊንግ ነው፤ በ1825 በስሙ ተጠራ። ድንጋዩን ከገደሉ የፈለጡትም፣ ጥዱን የቆረጡትም፣ በቅዱስ አንቶኒ ፏፏቴ የእንጨት መሰንጠቂያና የእህል ወፍጮ ያቆሙትም ራሳቸው ወታደሮቹ ናቸው። ተራ ወታደር በወር 5 ዶላር ያገኝ ነበር። ለግንባታ ከ10 ቀን ላላነሰ ጊዜ ከተመደበ በቀን 15 ሳንቲምና አንድ ተጨማሪ የውስኪ ልክ ይታሰብለታል። እዚያ ግንብ ላይ አንድም ጠላት ወጥቶበት አያውቅም። የወታደሩን ጉልበት የበላው መጥረቢያና አካፋ ነው።

የአንድ ሰው የቀን ስንቅ ይህን ይመስላል፦ ወደ 570 ግራም የበሬ ሥጋ ወይም ወደ 340 ግራም የአሳማ ሥጋ፣ ወደ 510 ግራም ዱቄት ወይም ዳቦ፣ እና ወደ 120 ሚሊ ሊትር ውስኪ። ለ100 ሰው ደግሞ በቀን ወደ 4 ሊትር አቼቶ፣ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ሳሙናና 680 ግራም ሻማ ይወጣል። ውስኪው ስካርና ቅጣት ስላበዛ በ1832 በቡናና በስኳር ተተካ፤ ለ100 ሰው 1.8 ኪሎ ቡናና 3.6 ኪሎ ስኳር።

አሁን እርስዎን የሚያስደስትዎት ነገር። ዱቄት ሲቦካ ውሃ ስለሚጠጣ 100 ኪሎ ዱቄት ወደ 130 ኪሎ ዳቦ ይወጣዋል። የስንቁ ልክ ግን ለዱቄቱም ለዳቦውም አንድ ነው። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ሰው ዱቄት ከማደል ይልቅ ሰፈሩ በአንድ ምድጃ ከጋገረ ትርፍ ዱቄት ይቀራል። ያ ትርፍ ተሽጦ ለሰፈሩ የጋራ ካዝና ይገባና ለልጆች ትምህርት ቤት፣ ለመጻሕፍትና ለሙዚቃ ጓድ ይውላል። ታዲያ ሊጡ በደንብ ካልቦካ ወይም ምድጃው ሳይግል ከገባ ዳቦው መሐሉ ጥሬ ይቀራል፤ ወታደሩም ሆዱን ይታመማል፣ ካዝናውም ባዶ ይሆናል። ጋጋሪ መምረጥ ቀላል ነገር አልነበረም።

ለአንድ ሻምበል ጦር እስከ 4 ልብስ አጣቢ ሴቶች ይፈቀዱ ነበር፤ አብዛኞቹ የወታደር ሚስቶች ናቸው። የቀን ስንቅ ከጦሩ ይሰፈርላቸዋል፤ የእጥበቱን ዋጋ የሰፈሩ መኮንኖች ጉባኤ ይተምነዋል፤ ክፍያው ከወታደሩ ደመወዝ ነው። ውሃ መቅዳት፣ ማፍላት፣ በሳሙና ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማስጣት። የጥጥና የተልባ እግር ልብስ ይቀቀላል፤ ሱፉ ግን የፈላ ውሃ ከነካው ተኮማትሮ ለባለቤቱ አይሆንም። ክረምት ደግሞ የተሰጣው ሸሚዝ በረዶ ሆኖ እንደ ሳንቃ ይደርቃል፤ በግድ ካጠፉት ክሩ ይሰበራል።

አባባ፣ በጣም የከነከነኝ ግን የደመወዝ ወረቀቱ ነው። መንግሥት ለመኮንን የአንድ አገልጋይ ደመወዝ፣ ስንቅና ልብስ ይከፍለው ነበር። መኮንኑ የአገልጋዩን ስምና መልክ በቅጹ ላይ ይሞላል፤ «ባሪያ» ተብሎም ይጻፋል። ከ1820 ሕግ በኋላ ባርነት በዚያ ምድር ክልክል ነው፤ ጦሩ ግን ለባለቤቱ ገንዘቡን ይቆጥር ነበር። የሠራው ሰው አንድ ሳንቲም አያገኝም። የሰፈሩ ሐኪም ጆን ኤመርሰን በ1836 በባርነት የያዘውን ድሬድ ስኮትን ይዞ መጣ። የመንግሥት የዳኮታ ጉዳይ ወኪል የነበረው ሎረንስ ታሊያፌሮ ደግሞ በባርነት የያዛት ሃሪየት ሮቢንሰን የምትባል ወጣት ነበረችው። ሁለቱ እዚያው ተጋቡ፤ ያጋባቸውም ራሱ ታሊያፌሮ ነው። በ1846 ሴንት ሉዊስ ውስጥ «ነጻ ምድር ኖረናል» ብለው ከሰሱ። በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደባቸው፤ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም አለ። ከእነሱ በፊት እዚያው ግንብ ኖራ የነበረች ራሼል የምትባል ሴት ግን በ1836 በሚዙሪ ፍርድ ቤት ረትታ ነጻ ወጥታ ነበር። በአንድ ዓይነት ምክንያት ለአንዷ የተፈረደው ለሌሎቹ ሳይፈረድ ቀረ።

ዳኮታዎችና የአሜሪካ መንግሥት ከተዋጉበት ከ1862ቱ ጦርነት በኋላ ወደ 1,600 ዳኮታዎች፣ የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ከግንቡ ሥር ባለው ሜዳ በአጥር ተከበው ከረሙ። ኩፍኝና ብርድ ከመካከላቸው ብዙ ሰው ገደለ። የተረፉትን በግንቦት 1863 በእንፋሎት ጀልባ ጭነው ከአገራቸው አስወጧቸው። ሜዳው አሁን መናፈሻ ነው፤ ዘሮቻቸው ዛሬም እየመጡ ያለቅሱበታል።

ከ1882 እስከ 1888 ጥቁር ወታደሮች ያሉበት 25ኛ እግረኛ ሬጅመንት ዋና መምሪያው እዚሁ ነበር። ጦሩ በ1946 ለቆ ወጣ። ከጥንቱ የቀሩት ክቡ ማማ፣ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ማማ፣ የአዛዡ ቤትና የመኮንኖቹ ቤት ናቸው፤ ሌላው በኋላ እንደገና የታነፀ ነው።

ሲመጡ የከተማው ባቡር እስከ አቅራቢያው ያደርሰናል፤ ደረጃው ለጉልበትዎ ስለሚከብድ ቀስ ብለን እንዞረዋለን። እስከዚያው በእናንተ ጊዜ የዳቦው ትርፍ ለምን ይውል እንደነበር ይጻፉልኝ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ፣ ከሚኒሶታ