ማጣሪያው ሲደክም አይናገርም

ሰላም የአዳማ ልጆች፣ እዚህ ያላችሁም ርቃችሁ የምትኖሩም። ዛሬ ለሰፈራችን የውሃ ማጣሪያ መዋጮ ልንጠይቃችሁ ነው።

ከተማው መሃል ያላችሁ የምትጠጡት የአዋሽን ውሃ ነው። ቶሎ ቶሎ መጥፋቱ እንዳለ ሆኖ ተጣርቶ ይመጣል። እኛ ከከተማው ወጣ ብለን የምንኖረው ግን የጉድጓድ ውሃ ነው ያለን። ሲያዩት ኩልል ያለ ነው። ጣጣው ፍሎራይዱ ነው። አካባቢያችን ስምጥ ሸለቆ ስለሆነ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የእኛ ጉድጓድ ከዚያ ያልፋል።

ምልክቱን የናዝሬት ሰው አሳምሮ ያውቀዋል፤ የበለዘ ጥርስ። ጥርሱ የሚበላሸው በልጅነት፣ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ከበቀለ በኋላ በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። እኔ ራሴ ፎቶ ስነሳ አፌን ገጥሜ ነው። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ገብቶ ወገብና አንገት ያደርቃል። አፍልቶ መጠጣትም አያድንም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል።

ማጥናትማ ስንቴ ተጠንቷል! ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆ ስላለው የፍሎራይድ ጉዳት ጥናት ያሳተሙት በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። እኛም ጋ ጠርሙስ ይዘው መጥተው፣ ቀድተው የሄዱ ነበሩ። ውጤቱን ተመልሶ የነገረን ግን አልነበረም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ይሆናል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ሲመጡ ብዙም ደስ አላለንም። ደግሞ የጠየቁት ውሃ ብቻ አልነበረም። አጥንት አምጡ አሉን!

ነገሩ እንዲህ ነው። የከብት አጥንት አየር በማያስገባ በርሜል ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይከስላል። ከዚያ ተደቁሶ፣ ታጥቦ ማጣሪያው ውስጥ ይሞላል። ውሃው በላዩ ሲያልፍ ፍሎራይዱ ከሰሉ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው ዙር አልተሳካም። እሳቱ አንሶ ነበርና ውሃው ሸተተ፤ እናቶች ጀሪካኑን እዚያው ደፉት። ልጆቹ አፈሩ። ግን አልጠፉም፤ ምድጃውን ቀይረው መጡ። ያን ቀን የተማሩትን ክፍል ውስጥ የሚያገኙት አይመስለኝም። «በጾምስ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄም ተነስቶ ነበር፤ እሱን የሃይማኖት አባቶች ተነጋገሩበት።

አሁን ማጣሪያው ይሠራል። ታዲያ ብሩ ለምን አስፈለገ?

ከሰሉ ይደክማል። ሲደክም ደግሞ አይናገርም። ውሃው ያው ንጹሕ ነው፣ ጣዕሙም ያው ነው፤ ፍሎራይዱ ግን እንደ ድሮው እያለፈ ነው። መድከሙ የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። እስካሁን ናሙናውን በባጃጅ ይዘን ላብራቶሪ እንወስዳለን፣ ተማሪዎቹ ይለኩልናል። ክረምት ላይ ተማሪው ሲበተን ልኬቱም ይቋረጣል። አምና ሁለት ወር ሙሉ ምን እንደጠጣን አናውቅም።

ስለዚህ የምንሰበስበው ገንዘብ አንድ ተንቀሳቃሽ የፍሎራይድ መለኪያ ከነኬሚካሉ ይገዛበታል። ከሰፈራችን ሁለት ወጣቶች አለካኩን ከተማሪዎቹ ይማራሉ። ከተረፈ ሁለተኛ የማጣሪያ በርሜል እንጨምራለን፤ የአንዱ ከሰል ሲቀየር በሌላው እንድንጠጣ። ተማሪዎቹም ዓመቱን ሙሉ ያልተቆረጠ መረጃ ያገኛሉ፤ ለሚቀጥለው ተመራቂ ያወርሱታል። መዝገቡ አንድ ቅጂ እዚሁ እንዲቀር ተስማምተናል። ይቺን ነገር እኔ ነኝ ድርቅ ብዬ የያዝኳት።

ከ100 ብር ጀምሮ ያቅማችሁን አዋጡ። ገንዘቡን የሚቀበለው የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፤ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ወጪውም በእድሩ ስብሰባ ይነበባል። ርቃችሁ ያላችሁ እዚህ ባለ ዘመድ በኩል አድርሱልን።

ልኳንዳ ያላችሁ ደግሞ ብሩን ተዉት፣ አጥንት ስጡን። ሥጋው በደንብ የተላቀቀ ቢሆን ደስ ይለናል፤ በጋሪ ጭነን ስንመጣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ እያስከተልን ተቸግረናል።