ባሕሩን ያለ አንተ አየነው

ደሴ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ለተወደድህ ወንድሜና ለአንድ ዴስክ ተጋሪዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። «ከርመሃል» የሚለው ቃል ራሱ ከእኔ አፍ ሲወጣ ያሳፍራል፤ አንድ ክረምት ተለያይተው ለቆዩ ሰዎች የሚባል ነውና፣ እኔ ግን ስድስት ክረምት አሳልፌ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ዝም ያልሁት ስለ ረሳሁህ አልነበረም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡሬ በኩል ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ሲከፈት ከሐዋሳ ደውለህ «መኪናህን አስነሣ፣ ሚስትህንም ይዘሃት ተነሥ፣ የተወለድሁበትን ቤት ላሳያችሁ» ስትለኝ፣ እኔ የትምህርት መክፈቻ ነው ብዬ ለጥምቀት አሻገርሁት፤ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ የጎማ ሰበብ አመጣሁ፤ መንገዱ ግን እኔን አልጠበቀም፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የላክህልኝ ደብዳቤ ላይ አንድም የወቀሳ ቃል አልነበረም፤ ብትወቅሰኝ ኖሮ መልስ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ በተለይ 2014ን እዚህ ደሴ እንዴት እንዳሳለፍነው፣ ፊት ለፊት ስንቀመጥ እነግርሃለሁ።

አሁን እንድጽፍ ያስገደደኝ በዚህ ሐምሌ የሆነው ነገር ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በደቡብ አፍሪካ፣ በፖርት ኤልዛቤት ሱቅ እንዳለው ታውቃለህ። የከተማዋ ስም በ2021 እ.ኤ.አ. ተቀይሯል፤ አዲሱ ስም የሚጀምረው ምላስን ከላንቃ በማላቀቅ በሚወጣ የቆሳ ቋንቋ ድምፅ ስለ ሆነ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ለዚህ ድምፅ ፊደላችንም ሆሄ የለውም። ባለቤቴ ወንድሟን ካየችው ብዙ ዘመን ሆኗት ስለ ነበር፣ የትምህርት ቤት ዕረፍቴን ጠብቀን ሄድን። ባሕሩን በዚያው ከተማ አይተነው ነበር፤ ሆኖም ከሱቅ ወደ ቤት ስንመላለስ በመኪና መስኮት፣ በክሬንና በኮንቴይነር መካከል ስለ ነበር፣ አየነው ለማለት ያዳግታል። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ዕለት የሚስቴ ወንድም የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝና «ሁለታችሁ ብቻ ሂዱ፣ እሑድ ማታ ተመለሱ» ብሎ ጄፍሪስ ቤይ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ አስነሣን።

ርቀቱ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደሴ ባቲ ከመውረድ ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን እዚያ አገር መሪው በቀኝ፣ መንገዱ በግራ ነው፤ ማርሽ ልቀይር ባልሁ ቁጥር ቀኝ እጄ በሩን እየመታ ባለቤቴን አሳቃት። የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ውስጥ ስወርድ የኖርሁ ሰው፣ በተስተካከለው አውራ ጎዳና ላይ እንደ ጀማሪ በ60 ስሄድ ብታየኝ አንተም ትስቅ ነበር። በመንገዳችን ላይ ቫን ስታደንስ የሚባል በቅስት የተሠራ የኮንክሪት ድልድይ አለ፤ ከሸለቆው በ140 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚያልፍ፣ ባለቤቴ እስክንሻገር ድረስ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ አደረገች። ከድልድዩ ወዲያ በመንገዱ ግራና ቀኝ እሬት ቀይ አበባውን አውጥቶ ቆሟል። የእነሱ ክረምት የእሬት አበባ ወራት ነው። ወደ ከተማዋ ስንቃረብ 60 ያህል የነፋስ ተርባይኖች በሜዳው ላይ ይሽከረከሩ ነበር፤ ለተማሪዎቼ ብዬ ቆሜ ፎቶ አነሣሁ።

ከተማዋ የምትታወቀው ሰርፊንግ በሚሉት፣ በሳንቃ ላይ ቆሞ ማዕበል በመጋለብ ነው። ሱፐርቱብስ የሚባለው ማዕበሏን ለመጋለብ ሰው ከመላው ዓለም ይመጣል። በሐምሌ የተካሄደው ትልቁ ውድድር አልቆ ስለ ነበር ከተማዋ ረጭ ብላ ነው የደረስንባት። የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ትንሽ ላስተምርህ፣ ከፈለግህ ዝለለው። በዚያ ወራት ከአፍሪካ ጫፍ በስተ ደቡብ ባለው ውቅያኖስ ብርቱ ወጀብ ይነሣል፤ ወጀቡ የቀሰቀሰው ማዕበል እጅግ ረጅም ርቀት ይጓዛል፣ ውኃው ግን አብሮት አይጓዝም፣ በቦታው ክብ ሠርቶ ይመለሳል፤ የሚጓዘው ጉልበቱ ብቻ ነው። ማዕበሉ ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ሲደርስ እግሩ መሬቱን ነክቶ ይዘገያል፣ ራሱ ግን ሲሮጥ በመጣበት ፍጥነት ወደ ፊት ይደፋል። በሌላ ዳርቻ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል፤ በዚያች ከተማ ግን ከባሕሩ ሥር ያለው ዐለት በሰያፍ ስለ ተዘረጋ፣ ማዕበሉ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እንደሚተረተር ስፌት በተራ በተራ ይፈርሳል፤ ጋላቢውም ከሚፈርሰው ጫፍ አንድ ስንዝር ቀድሞ በርካታ መቶ ሜትር ይነጉዳል። ይህን ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬዋለሁ፤ ድምፁ ደረት ውስጥ እንደሚገባ ግን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ከሌሊቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ዐለቱ ላይ በጋቢ ተጠቅልለን ተቀመጥን፤ አዎን፣ ጋቢ ይዘን ነበር። ውኃው በዚያ ወራት 16 ወይም 17 ዲግሪ ስለ ሆነ፣ ጋላቢዎቹ ከጎማ የተሠራ ጥቁር ልብስ ለብሰው ይገባሉ። ዓይናችን ያረፈው ሽበት በወረሳቸው አንድ አዛውንት ላይ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ጋለቡ፣ የቀረውን ሳንቃቸው ላይ ተቀምጠው አድማሱን ሲያዩ ቆዩ። ሲወጡ ለምን ያን ሁሉ ማዕበል እንዳሳለፉት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጠየቅኋቸው። ማዕበሉ ከመድረሱ አስቀድሞ በእጅ እየቀዘፉ ፍጥነት መያዝ እንደሚገባ፣ ከደረሰ በኋላ መቅዘፍ የጀመረ ሰው ግን እንደሚያመልጠው፣ ክንዳቸውም ስላረጀ የሚደርሱበትን ብቻ እንደሚመርጡ አስረዱኝ። ለባለቤቴ ተረጎምሁላት። ዞር ብላ አየችኝና «ለጥምቀት ይሁን አላሉም?» አለችኝ።

ሻርክ አለ ወይ ብዬም ጠይቄ ነበር። አለ። ሐምሌ 12 ቀን 2007 ዓ.ም. በዚያው ማዕበል ላይ የፍጻሜ ውድድር ሲደረግ፣ ሚክ ፋኒንግ የተባለውን አውስትራሊያዊ ነጭ ሻርክ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ተተናኮለው፤ በቡጢ እየመታ አንዳች ሳይነካው በጀልባ ወጣ፣ ፍጻሜውም ተሰረዘ። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ በዓመቱ ተመልሶ እዚያው ማሸነፉ ነው። ባለቤቴ ይህን ከሰማች በኋላ ከጉልበቷ በላይ ውኃ ውስጥ አልገባችም።

ከምሳው የማስታውሰው ቾካ የሚሉትን የባሕር እንስሳ ብቻ ነው፤ የአካባቢው ዋነኛ የዓሣ አስጋሪዎች ገቢ እሱ ነው አሉን። ባለቤቴ አንዱን ቁራሽ ለረጅም ጊዜ አኝካ «ላስቲክ ነው» አለች፤ እኔ የእሷንም ጨርሼላታለሁ።

የጉዞውን ልብ ግን አልነገርሁህም። የባለቤቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ መንገዱ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ በባለተሳቢ ፊያት ከአሰብ ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ያመጡላት ዛጎል ብፌአችን ላይ እንዳለ ታስታውሳለህ፣ አንተም ጆሮህ ላይ አድርገህ «የእኛ ሰፈር ድምፅ» ብለህ ነበር። ባሕሩ ከኮምቦልቻ 500 ኪሎ ሜትር ግድም ብቻ ርቆ ሳለ፣ አባቷ በየሳምንቱ እየሄዱበት ሳለ፣ እሷ ግን አንድም ቀን አላየችውም፤ ሴት ልጅ በጭነት መኪና አትሄድም ይባል ነበርና። ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ በአውሮፕላን አህጉሩን አቋርጣ ሌላ ባሕር ዳር ስትቆም፣ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ጣቷን ነክሮ መቅመስ ነው። ከዚያም «አባዬ ጨዋማ ነው ሲለኝ እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም» ብላ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው ደብዳቤህ ትዝ ያለኝ ብል እዋሻለሁ፣ ከዓርብ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነበረች፤ ባሕርን ልታሳየን ቃል የገባኸው አንተ ሆነህ ሳለ፣ በሌላ ሰው መኪና ሄደን ማየታችን እንደ ስርቆት ከበደኝ።

እሑድ ከመመለሳችን በፊት ከአሸዋው ላይ ሁለት ዛጎል አነሣች። አንዱ አሁን ከአባቷ ዛጎል ጎን ተቀምጧል፣ በመልክ ፍጹም አይገናኙም። ሁለተኛው የአንተ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የእኅቴ ልጅ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞታል።

አንድ ነገር ግን መልስልኝ። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ሳለን የአሰብ ባሕር እንደ ሳህን ረጭ ያለ፣ ውኃውም እንደ ሻይ የሚሞቅ ነው እያልህ ስትምል፣ እኛ ውሸታም እያልን እንስቅብህ ነበር። እኔ ያየሁት ባሕር ቀዝቃዛና ሲያገሳ የሚያድር ስለ ነበር፣ ባለቤቴ አሁንም አላመነችህም፤ አባቷ ስለ ሙቀቱ ምንም አልነገሯትም። እውነትህን ነበር?

ወንድምህ