የገራባው እንጨት ደቻቱ ላይ አይጣል

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣

ጤና ይስጥልን። የድሬ ልጅ ነኝ፤ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ ገራባ፣ ማለትም ጫት ተቅሞ ስለሚተርፈው ቅጠልና እንጨት ነው።

በርጫ ሲያበቃ ከየቤቱ ምን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ቅጠሉን ፍየሎች ይለቃቅሙታል። እንጨቱ ግን ከላስቲክ ጋር ተደባልቆ ቱቦ ይዘጋል፣ ወይ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ይከመራል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ጎርፍ ምን እንዳደረገን ለሚያስታውስ ሰው ይህን ማየት ይከብዳል።

እንጨቱ ውስጥ ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስ እና ሊግኒን አሉ። ሴሉሎስ ማለት ወረቀትና ካርቶን የሚሠራበት ቃጫ ነው። ሊግኒን እንደ ሙጫ አጣብቆ ይዞታል። ያን ሙጫ የሚያላቅቀው አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር ነው። ኮስቲክ ሶዳ ቶሎ ይሠራል፤ ግን ውድ ነው፣ ቆዳም ክፉኛ ያቃጥላል። እኔ የምለው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በደጃችን አለ፤ ሲሚንቶ የምናመርተውም ከሱ ነው።

ለ100 ኪሎ የደረቀና የደቀቀ እንጨት ውሃ የጠጣ ኖራ 10 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ከፈላ ሥራው በሰዓታት ያልቃል። ሳይፈላ በሙቀት ብቻ ከተተወ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሙቀት ደግሞ ድሬ ላይ ችግር ሆኖ አያውቅም። ባለፈው በጋ ጓሮዬ ውስጥ በአንድ ባልዲ ሞከርኩት። ውሃው እንደ ጠቆረ ሻይ ሆነ፤ እንጨቱ በጣት ሲላጥ ቃጫ ቃጫ አለ። ደስታዬን ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ያ ጥቁር ውሃ ሳይታከም መሬት ላይ መፍሰስ የለበትም። የጉድጓድ ውሃ የምንጠጣ ሰዎች ነን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያልፍበት የቀረው ኖራ ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ሆኖ ይዘቅጣል፤ አልካሊነቱም ይበርዳል። ከዚያ በኋላም ቢሆን የሟሟው ሊግኒን እስኪጣራ ድረስ በርሜል ውስጥ ይቆይ። እንጨቱ ለከብት መኖ ይሁን የሚሉም አሉ። ጫት ላይ የሚረጨው መድኃኒት ሳይመረመር እኔ አልስማማም። ካርቶን ይቅደም።

ፋብሪካ ሥሩልን አላልኩም። ጫት ተራ አካባቢ ለገራባ እንጨት ብቻ የሚሆን ቦታ ስጡን። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች ለይተው ሲያመጡ ይከፈላቸው። ጥቂት በርሜሎችና ከድሬዳዋ ወይም ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ላብራቶሪ ካገኘን ለመጀመሪያው ሙከራ ይበቃናል።

የባልዲዬን ቃጫ አድርቄ አስቀምጬዋለሁ። ቀን ከቆረጣችሁልኝ ይዤው ቢሯችሁ እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የድሬዳዋ መምህር