በማዘዣው ላይ ባዶ የሚቀረው መስመር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በመሃል አዲስ አበባ፣ ከስታዲየም ብዙም በማይርቅ ክሊኒክ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ አገለግላለሁ። ወገባቸውን ወይም ጉልበታቸውን ታመው ወደ እኛ የሚመጡ ታካሚዎች ብዙዎቹ፣ የት እንደሚያማቸው ከመናገራቸው በፊት በብብታቸው የያዙትን የምስል ውጤት ያለበት ትልቅ ፖስታ ያቀብሉናል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ኤምአርአይም (በማግኔት ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) ሆነ ራጅ አይጠቅምም ለማለት ሳይሆን፣ ምስሉ የሚታዘዝበትና ውጤቱ ለታካሚው የሚደርስበት መንገድ ሊታረም ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው።

የማዘዣ ወረቀቱ ላይ የሕመሙ ታሪክ እንዲጻፍበት የተተወው መስመር ባዶ ሆኖ፣ ከሥሩ «ኤምአርአይ፣ ወገብ» ብቻ ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ግን አብዛኛውን ጊዜ ታካሚውን በአካል አያየውም፤ ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ እስከ ቀኝ እግር አውራ ጣት ይወርድ እንደሆነ፣ ታካሚው ማታ ማታ ያልበው እንደሆነ፣ ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ይሁን አይሁን የሚያውቀው ከዚያ መስመር ነው። ሕመሙ ወደ አውራ ጣት የሚወርድ ከሆነ በአብዛኛው የሚጠረጠረው አምስተኛው የወገብ ነርቭ ነው፤ ምስሉ ያሳየው የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ መሰል ክፍል) እብጠት በሌላው ጎን ወይም ከዚያ በላይ ባለ ደረጃ ላይ ከሆነ፣ እብጠቱ እውነት ቢሆንም የሕመሙ ምክንያት እርሱ ነው ማለት አይቻልም። መስመሩ ባዶ ሲሆን ራዲዮሎጂስቱ ያየውን ሁሉ ከመዘርዘር ሌላ ምን ያድርግ? ወጌሻ እንኳ እጁን ከማሳረፉ በፊት የት እንደሚያም ይጠይቃል።

ዝርዝሩ በታካሚው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አንዲት ልብስ ሰፊ «የዲስክ ድርቀትና እብጠት» የሚል ውጤት ይዘው መጡ፤ ወረቀቱን ልጃቸው ካነበበችላቸው ጀምሮ ማጎንበስ ትተው፣ ስፌቱንም አቁመው፣ ከአልጋ የሚነሱት ተደግፈው ነበር። እግራቸውን ስፈትሽ ጥንካሬውም ስሜቱም ደህና ነው፤ የሚያማቸው ወገባቸው ላይ ብቻ ነው። ለእኚህ እናት ማንም ያልነገራቸውን ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 33 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ምንም የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች ምስል ተመልክቶ ነበር። የዲስክ መዳከም በ20 ዓመት ወጣቶች ላይ 37 በመቶ፣ በ50 ዓመት ሰዎች ላይ 80 በመቶ፣ በ80 ዓመት አረጋውያን ላይ 96 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የዲስክ እብጠትም በ50 ዓመት ዕድሜ 60 በመቶ ደርሷል። ራዲዮሎጂስቶቻችን «ይህ በዚህ ዕድሜ ሕመም በሌለባቸው ሰዎችም ዘንድ በብዛት የሚታይ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከውጤቱ ግርጌ ቢጨምሩ፣ በእኔ ግምት ብዙ ሰው ከአልጋው ይነሳል።

የጉልበቱም ነገር ከዚህ አይርቅም። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ 991 ሰዎች በኤምአርአይ ታይተው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናት፣ የሜኒስከስ (በጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ትራስ የሚያገለግል ልም አጥንት) መቀደድ ከተገኘባቸው መካከል 61 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ጉልበታቸውን አላመማቸውም ነበር። በፊንላንድ ደግሞ በዕድሜ ምክንያት ሜኒስከሳቸው የተቀደደ 146 ታካሚዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ትክክለኛውን ቀዶ ጥገና፣ ግማሾቹ የማስመሰያ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው፣ ከዓመት በኋላ በሕመማቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በኳስ ሜዳ ተጠማዝዞ ጉልበቱ የተቆለፈበት ወጣት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ኤምአርአዩም ቀዶ ጥገናውም ሊያስፈልገው ይችላል።

እዚህ ላይ ርካሹን መሣሪያ በአግባቡ አለመጠቀማችን ያሳዝነኛል። የጉልበት መፋፋቅ የተጠረጠረበት ሰው ራጅ የሚነሳው ቆሞ መሆን አለበት፤ የሰውነቱ ክብደት ሲጫነው ልም አጥንቱ ያለቀበት ቦታ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ጠብቦ ይታያል። ተኝቶ ሲነሳ ግን ክፍተቱ ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላል። ይዘውልን ከሚመጡት ፊልሞች ብዙዎቹ ተኝተው የተነሱ ናቸው፤ ከዚያም «ራጁ ምንም አላሳየም» ተብሎ ታካሚው ዋጋው ብዙ እጥፍ ወደሆነው ኤምአርአይ ይላካል። ማዘዣው ላይ «ቆሞ» የምትል አንዲት ቃል መጨመር ምንም ወጪ የለውም።

በውጭ አገር መመሪያዎች የሚመከረው፣ አደገኛ ምልክት ከሌለ ለወገብ ሕመም ስድስት ሳምንት ያህል ያለ ምስል መታከም እንደሚቻል ነው። ምክሩን እኔም እቀበለዋለሁ፤ ይሁንና አገራችን የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከፍተኛ ነው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ እንዳለ መቅዳቱ አይበጅም። ክብደቱ የቀነሰ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ያለበት፣ ሲተኛ እንኳ የማይተወው የጀርባ ሕመም የያዘው ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ስድስት ሳምንት አይጠብቅም። ራጅ ደግሞ አጥንቱ በሚገባ ካልተበላ በስተቀር በሽታውን ላያሳይ ይችላል፤ ኤምአርአይ ቀድሞ ያየዋል።

ከሁሉም የሚያስቸኩለው ሽንቱ አልወጣ ያለው ወይም ያመለጠው፣ በብልቱና በመቀመጫው ዙሪያ የደነዘዘ፣ ሁለት እግሮቹ እየዛሉ የሄዱበት የወገብ ታካሚ ነው፤ ነርቮቹ ተጨፍልቀው ከቆዩ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው እንደማንኛውም ታካሚ የቀጠሮ ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ አይቻለሁ። ማዘዣውን የጻፈው ሐኪም ራሱ ወደ ምስል ማዕከሉ ደውሎ በዚያው ቀን እንዲነሳ ቢያደርግ፣ ማዕከሎቹም ከሌላው ወረፋ አስቀድመው ቢያስገቡት፣ ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከስታዲየም አካባቢ፣ አዲስ አበባ